ሻርሎት ብሮንቴ፤ ከስድስት ልጆች ሦስተኛይቱ

በእንግሊዝ አገር በስተ ሰሜን፣ ዮርክሻየር በሚባለው አውራጃ፣ በኮረብታ ላይ የተሠራች ሃዎርዝ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከከተማዪቱ በላይ ዛፍ የማይበቅልበት፣ ነፋስ የሚገርፈው ሰፊ ደጋ ተዘርግቷል። በዚያ ደጋና በቤተ ክርስቲያኑ መቃብር መካከል የቄሱ ቤት ይገኛል። በዚያ ቤት ካደጉት ልጆች የሦስቱ እኅትማማቾች ስም ዛሬም በዓለም ሁሉ ይጠራል። ከሦስቱ አንዲቱ ሻርሎት ብሮንቴ ናት።

ስለ እርሷ ልጽፍ የተነሣሁበት ምክንያት እንዲህ ነው። ጄን ኤየር የተባለውን መጽሐፏን ካነበብሁ በኋላ ስለ ደራሲዋ የጠየቅኋቸው ሰዎች ሁሉ የሚነግሩኝ ስለ መጽሐፎቿ ብቻ ሆነ። እኔ ግን ማወቅ የፈለግሁት ከእነማን ጋራ እንዳደገች፣ ማን እንዳስተኛት፣ ከማን ጋራ እንደ ተጫወተችና እንደ ተጣላች ነበር። የእኛም ቤት ስድስት ልጆች ያሉበት ነው፤ እኔም እንደ እርሷ ሦስተኛ ነኝ። አንባቢ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ፣ በአንዳንድ ስፍራ ለምን እንደምዘገይ ይገባዋል። ከዚህ በታች የሚመጡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባትየው ቄስ ፓትሪክ ብሮንቴ በ1777 ዓ.ም. በአየርላንድ ከድኻ ገበሬ ቤት ተወለዱ። ከዐሥር ልጆች የበኵር ልጅ ነበሩ። በትጋታቸው ብዛት በ1802 ዓ.ም. ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተማሩና ቄስ ሆኑ። በ1812 ዓ.ም. ከደቡብ እንግሊዝ፣ ከኮርንዎል የመጡትን ማሪያ ብራንዌልን አገቡ። ከዚያ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስድስት ልጆች ተከታትለው ተወለዱ፤ በ1814 ማሪያ፣ በ1815 ኤልዛቤት፣ በ1816 ሻርሎት፣ በ1817 ብቸኛው ወንድ ልጅ ብራንዌል፣ በ1818 ኤሚሊ፣ በ1820 የመጨረሻዪቱ አን። በ1820 ዓ.ም. ቤተሰቡ ወደ ሃዎርዝ ተዛወረ። አዲሱ ቤት ገና ሳይለመድ እናትየው በጽኑ ታመሙና በመስከረም 1821 ዓ.ም. በ38 ዓመታቸው ዐረፉ። ታላቂቱ ማሪያ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ታናሺቱ አን ደግሞ ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር።

እንግዲህ የዚያ ቤት እውነተኛ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። አባት በኀዘንና በሥራ ተይዘው አብዛኛውን ጊዜ በክፍላቸው ይውሉ ነበር፤ ምሳቸውንም ብቻቸውን ይበሉ ነበር። እንደገና ለማግባት ሞክረው ነበር፤ ነገር ግን ስድስት ልጆች ላሉት ድኻ ቄስ እሺ የምትል ሴት አልተገኘችም። የሟቿ እኅት አክስት ኤልዛቤት ብራንዌል ከሞቃቱ ኮርንዎል መጥተው ቤቱን ያዙ። ለጥቂት ጊዜ ብለው ነበር የመጡት፤ ነገር ግን እስኪሞቱ ድረስ ሃያ አንድ ዓመት ያህል ቆዩ። ሥርዓት ዐዋቂ፣ ቍጥብና ጥብቅ ሴት ነበሩ፤ ልጃገረዶቹን ስፌት አስተማሩ፤ ብራንዌልን ግን ከሁሉ አብልጠው ወደዱት። ግዴታቸውን አንድ ቀን እንኳ አላጓደሉም። እናት ግን አልሆኑም።

እናት የሆነችው ማሪያ ናት። የሰባት ዓመቷ ልጅ ታናናሾቿን ትንከባከብ ነበር። ጋዜጣ ይዛ ትንሿ ክፍል ትገባና በሯን ዘግታ ካነበበች በኋላ፣ በምክር ቤት የተደረገውን ክርክር ሁሉ ለታናናሾቿ ትተርክላቸው ነበር። ስድስቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ደጋው ሲወጡ ታላላቆቹ ገና መራመድ የጀመረችውን ታናሽ በመካከላቸው አድርገው ይወስዷት እንደ ነበር ተጽፏል። ከመንደሩ ልጆች ጋራ አይጫወቱም ነበር። እርስ በርሳቸው ብቻ ይበቃቸው ነበር፤ ይህም በኋላ ጉዳት ሆነ።

አባትየው ልጆቻቸውን ለመመርመር አንድ ቀን ያደረጉት ነገር አለ። ልጆቹ ከሚናገሩት የበለጠ እንደሚያውቁ ስለ ጠረጠሩ፣ በቤቱ የተገኘውን ጭምብል በየተራ አስለብሰው በድፍረት እንዲመልሱ ጠየቋቸው። ፊታቸው ከተሸፈነ ፍርሃት ይለቃቸዋል ብለው ነው። የአራት ዓመቷን አን እንደ እርሷ ላለ ሕፃን ከሁሉ የሚያስፈልገው ምን እንደ ሆነ ቢጠይቋት ዕድሜና ልምድ እንደ ሆነ ነገረቻቸው። ኤሚሊን ወንድሟ ባለጌ ሲሆን ምን ይደረግ ቢሏት፣ በመጀመሪያ በምክር እንዲያስረዱት፣ እምቢ ካለ ግን እንዲገርፉት ፈረደች። ሻርሎት ከመጻሕፍት ሁሉ የሚበልጠው መጽሐፍ ቅዱስ፣ ቀጥሎም የተፈጥሮ መጽሐፍ እንደ ሆነ መለሰች። ማሪያ ደግሞ ዕድሜን ለዘለዓለም ሕይወት በመዘጋጀት ማሳለፍ እንደሚገባ ተናገረች። አባትየው በመልሶቹ ተደንቀው እስከ እርጅናቸው ድረስ አልረሱትም። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። አንድ አባት የገዛ ልጆቹን ለማወቅ ጭምብል ካስፈለገው፣ በዚያ ቤት ልጆቹን በእውነት የሚያውቃቸው ማን ነበር? እርስ በርሳቸው እንጂ ሌላ አልነበረም።

በ1824 ዓ.ም. አባትየው ገንዘብ ለሌላቸው ቄሶች ልጆች ወደ ተከፈተ፣ ኮዋን ብሪጅ በተባለ ስፍራ ወደሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት አራቱን ሴቶች ልጆቻቸውን ላኩ። ክፍያው ጥቂት ነበር። ምግቡ የተበላሸ፣ ክፍሉ ብርዳም፣ ቅጣቱ ብርቱ ነበር። ማሪያ ትረሳ ስለ ነበረና ልብሷን በሥርዓት ስለማታኖር ከሌሎቹ ይልቅ ትቀጣ ነበር፤ ሻርሎትም የስምንት ዓመት ልጅ ሆና ይህን ቆማ ታይ ነበር። እናት አድርጋ የያዘቻት ልጅ በፊቷ ስትዋረድ ዝም ማለት ነበረባት። በክረምቱ ማሪያ በሳንባ ነቀርሳ ታመመችና ወደ ቤቷ ተወሰደች፤ በግንቦት 1825 ዓ.ም. በ11 ዓመቷ ሞተች። አከታትላ ኤልዛቤት ታመመች፤ እርሷም በሰኔ በ10 ዓመቷ ሞተች። አባትየው በፍጥነት ሄደው ሻርሎትንና ኤሚሊን አወጧቸው።

የሃዎርዝ ሰው ሞትን የለመደ ነበር። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1850 ዓ.ም. የጤና መርማሪ ተልኮ ባቀረበው ጽሑፍ መሠረት፣ በዚያች ከተማ ከሚወለዱት ከ100 ልጆች 41 ያህሉ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ከመቃብሩ ሥር የሚወርደው ውሃ የሚጠጣውን ውሃ ያበላሽ ነበር። ይሁን እንጂ ሌላው ሰው ለመደው ማለት በአንድ ቤት በስድስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ታላላቆች ሲቀበሩ ሕፃናቱ አይሰማቸውም ማለት አይደለም።

በዚያ ሰኔ ሻርሎት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። በበልግ ሦስተኛ ነበረች፤ በበጋ ታላቅ ሆነች። ማንም ሥልጣን አልሰጣትም፤ ብቻ ቦታው ባዶ ሆኖ ቆየና ገባችበት። ሁለቱ ታላላቆቼ ከቤት ከወጡ ወዲህ (በሞት አይደለም፤ አንዷ በትዳር፣ አንዱ በሥራ) እኔም ስለዚህ ነገር ጥቂት ዐውቃለሁ። ታናናሾች በአንድ ሌሊት አንተን እያዩ መብላት ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ ማጥፋት እንኳ እንደ ቀድሞው ቀላል አይሆንም። ሻርሎት ግን በምታደርገው ሁሉ ራሷን ከማሪያ ጋራ ታስተያይ ነበር። የሞተች ታላቅ ደግሞ አትሳሳትም፤ ስለዚህ ማንም አይደርስባትም።

ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ሻርሎት ጄን ኤየርን ስትጽፍ ማሪያን ሄለን በርንስ በሚል ስም በመጽሐፏ ውስጥ አስገባቻት። በታሪኩ ውስጥ ጄን ሄለንን መጀመሪያ ስታገኛት ሄለን መጽሐፍ ታነብ ነበር። የመጽሐፉ ስም ራሴላስ ነው። ይህ ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ዓ.ም. ያሳተመው ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል የሚናገር ልብ ወለድ ነው። የአገራችን ስም በዚህ በሩቅ ቤት ኀዘን ውስጥ እንዲህ ሆኖ ማግኘቴ ስላስደነቀኝ ሳልጽፈው ማለፍ አልቻልሁም።

በሰኔ 1826 ዓ.ም. አባትየው ከሊድስ ከተማ ሲመለሱ ለብራንዌል ዐሥራ ሁለት የእንጨት ወታደሮች ይዘውለት መጡ። በማግሥቱ ጧት ብራንዌል ሣጥኑን ይዞ ወደ እኅቶቹ ክፍል ሮጠ። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ወታደር መረጡና ስም አወጡለት፤ ሻርሎት የመረጠችውን የዌሊንግተን መስፍን አለችው፤ ብራንዌል የራሱን ቦናፓርት ብሎ ጠራው፤ ኤሚሊና አንም የየራሳቸውን ያዙ። ስጦታው ለአንዱ ወንድ ልጅ የመጣ ነበር፤ ግን ለብቻው ሊይዘው አልወደደም፤ ለዚህ ብራንዌልን አመሰግነዋለሁ።

ከእነዚህ እንጨቶች አንድ ዓለም ተፈጠረ። ልጆቹ በካርታ ተመልክተው በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ የመስተዋት ከተማ ብለው የሰየሟትን ዋና ከተማ ቆረቈሩ። ነገሥታትና ሕግ፣ ጦርነትና ጋዜጣ፣ ባለቅኔና ከዳተኛ አበጁላት። ደግሞም ለወታደሮቹ ቁመት የሚስማሙ፣ የክብሪት ቀፎ የሚያህሉ መጻሕፍት በገዛ እጃቸው እየሰፉ፣ ያለ ማጉሊያ መነጽር ለማንበብ በሚያስቸግር ደቃቅ ጽሕፈት ሞሏቸው። ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ተጠብቀዋል። እውነቱን ለመናገር ያች አፍሪካቸው እኛ የምናውቃት አፍሪካ አይደለችም፤ ከእንግሊዝ መጽሔቶች የተቀዳች፣ ነጮች የሚገዟትና የአገሩ ሰው እንደ ጠላት የሚታይባት ናት። ሕፃናት የሚጫወቱት ከትልልቆች በሰሙት ነገር ነው። የኛ ቤት ታናናሾችም በቆርኪ መንግሥት ያቆማሉ፤ ጠጋ ብሎ ለሰማቸው ንጉሡ የሚናገረው በአባታችን ድምፅ ነው።

ጨዋታው በሌላው ቤት ልጅ ሲያድግ የሚቀር ነው፤ እነርሱ ዘንድ ግን አልቀረም። ጥቂት ዓመት እንዳለፈ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ሻርሎትና ብራንዌል በአንድ ወገን ሆነው በ1834 ዓ.ም. አንግሪያ የተባለውን መንግሥት መሠረቱ። ኤሚሊና አን ግን በታላላቆቻቸው መገዛት ሰልችቷቸው ጎንዳል የተባለች የራሳቸውን ደሴት ፈጠሩ። ሻርሎት በሃያ ሦስት ዓመቷ ገና ስለ አንግሪያ ትጽፍ ነበር። ኤሚሊም በሃያ ስድስት ዓመቷ ከአን ጋራ በባቡር ስትጓዝ የጎንዳልን ሰዎች እየሆኑ ተጫውተዋል። ይህ ሁሉ የጽሕፈት ልምምድ ሆነላቸው፤ የሚያነብ፣ የሚቃወም፣ የሚቀናና የሚቀጥል ሰው ሁልጊዜ በአጠገባቸው ነበረ። በሌላ ወገን ግን ከቤት ውጭ መኖር አስቸጋሪ ሆነባቸው። ኤሚሊ በ1835 ዓ.ም. ሻርሎት በምታስተምርበት በሮው ሄድ ትምህርት ቤት ብትገባ በናፍቆት ከሥታ ስለ ታመመች በጥቂት ወር ውስጥ ተመለሰች፤ አንም በፈንታዋ ሄደች። ሻርሎት ግን እዚያው ተማሪ ሳለች፣ በ1831ና በ1832 ዓ.ም.፣ ሁለት የልብ ጓደኞች አግኝታ ነበር፤ ከእኅቶቿ ሁሉ ይልቅ ከውጭው ዓለም ጋራ የተላመደችው እርሷ ናት። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ የታላቅነት ትርፍ ነው። በር መክፈትና ከእንግዳ ጋራ መነጋገር ሁልጊዜ የታላቁ ሥራ ስለ ሆነ፣ ወዶም ሆነ ሳይወድ ይለምደዋል።

አሁን ስለ ብራንዌል ልናገር። ብቸኛው ወንድ ልጅ ነበረ። እኅቶቹ ወደ ርካሽ ትምህርት ቤት ሲላኩ እርሱን አባቱ ራሳቸው ላቲንና ግሪክ አስተማሩት። ቀይ ጠጕር ያለው፣ ቀልድ ዐዋቂ፣ በሁለቱም እጁ የሚጽፍ ልጅ እንደ ነበረ ይነገራል። የቤቱ ተስፋ ሁሉ በእርሱ ላይ ተጣለ። እኅቶቹ በትምህርት ቤትና በሀብታሞች ቤት ልጅ እያስተማሩ የድካም ኑሮ ሲኖሩ፣ እርሱ ታላቅ ሠዓሊ ወይም ባለቅኔ ይሆናል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። በ1838 ዓ.ም. በብራድፎርድ ሠዓሊ ሆኖ ሥራ ቢከፍት ብዙ አልቆየም። በ1840 የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ሆነ፤ በ1842 ከሒሳቡ 11 ፓውንድ ስለ ጐደለ ተባረረ። ገንዘቡን እርሱ ወሰደ አልተባለም፤ ግን ኀላፊው እርሱ ነበር። በ1843 አን በምታስተምርበት ቤት አስተማሪ ሆነ፤ በ1845 ከዚያም በውርደት ተባረረ። ምክንያቱ ከቤቱ እመቤት ጋራ የነበረው ፍቅር እንደ ሆነ ራሱ ተናግሯል። ከዚያ በኋላ መጠጥና ኦፒየም ወሰዱት።

ብዙ ሰዎች ይህን ሲያነቡ ብራንዌል በማቅበጥ ብዛት ጠፋ ብለው ይፈርዳሉ። በከፊል እውነት ይሆናል። ነገር ግን እርሱ የተቀበለው ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ ዕዳም ነበር። ከእኅቶቹ ማንም ምንም አልጠበቀም፤ ስለዚህ ቢወድቁ የሚያይ፣ ቢነሡ የሚቀድማቸው አልነበረም። እርሱ ግን ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ስድስት ሰው እያየው ነው ያደገው። በኛም አገር እኅቶቹ ውሃ ሲቀዱ እርሱ እንዲያጠና የተደረገ ወንድ ልጅ ፈተና ሲወድቅ የሚሰማውን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

አልፍሬድ አድለር የተባለው የቪየና ሐኪም ልጅ በቤቱ ውስጥ ስንተኛ ሆኖ መወለዱ ጠባዩን ይቀርጸዋል ብሎ አስተምሯል። በ2015 ዓ.ም. ግን በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በጀርመን ከ20,000 በላይ ሰዎች ላይ የተደረገ ምርመራ፣ የልደት ተራ በሰው ጠባይ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከምንም የማይቈጠር መሆኑን አሳይቷል። የብሮንቴ ቤት ሁለቱን የሚያስታርቅ ይመስለኛል። ሻርሎት ሦስተኛ ሆና ተወልዳ ታላቅ ሆና አደገች፤ የሠራት ተራው ሳይሆን የተጣለባት ሸክም ነው።

እነዚህ ልጆች አንድ ላይ ሲቆሙ ምን ያህል ብርቱ እንደ ነበሩ የሚያሳይ ነገር በ1836 ዓ.ም. በታኅሣሥ ተደረገ። ታቢ የምትባል ሽማግሌ ሠራተኛ ነበረቻቸው፤ ታላላቆቻቸው ከሞቱ በኋላ በምድጃ ዳር ተረት እየነገረች ያሳደገቻቸው እርሷ ናት። በበረዶ ላይ ተንሸራትታ እግሯ ተሰበረ። አክስታቸው የገንዘቡንና የሥራውን ነገር ዐስበው ታቢ ወደ እኅቷ ቤት ሄዳ እንድትታመም ወሰኑ። ልጆቹ በመጀመሪያ ለመኑ፤ እንቢ ቢባሉ ምግብ አንበላም ብለው ቀኑን ሙሉ ጾመው ዋሉ። በመጨረሻ አክስትየው ተረቱ፤ ታቢም በቤቱ ቀረች፤ ሥራውንና ማስታመሙንም ልጃገረዶቹ ተካፈሉት።

በዚሁ ወር ሻርሎት ግጥሞቿን ለመንግሥቱ ባለቅኔ ለሮበርት ሳውዚ ላከች። መልሱ ከጥቂት ወራት በኋላ ደረሰ፤ ተሰጥዎ እንዳላት ባይክድም፣ ድርሰት የሴት ሥራ ሊሆን እንደማይችል መከራት። እርሷም በትሕትና አመስግና ደብዳቤውን አስቀመጠችው። በ1842 ዓ.ም. ከኤሚሊ ጋራ ፈረንሳይኛ ለመማር ወደ ብሩክሴል ሄዱ፤ ወጪውን የሰጡት አክስታቸው ናቸው። በዚያው ዓመት አክስትየው ሲሞቱ ገንዘባቸውን ለእኅታቸው ሴቶች ልጆች አወረሱ። ሻርሎት ብቻዋን ተመልሳ አንድ ዓመት ተቀምጣ ነበር፤ ባለትዳር የነበረውን መምህሯን በልቧ ወድዳ በከንቱ ተሠቃይታ ተመለሰች። በ1844 እኅትማማቾቹ በገዛ ቤታቸው ትምህርት ቤት ለመክፈት ማስታወቂያ ቢያሳትሙ አንዲት ተማሪ እንኳ አልመጣችም።

በ1845 ዓ.ም. መጸው ሻርሎት የኤሚሊን የግጥም ደብተር በድንገት አገኘችና ሳታስፈቅድ አነበበችው። ኤሚሊ ክፉኛ ተቈጣች፤ ለማስታረቅ ሰዓታት፣ ለማሳመን ደግሞ ቀናት ፈጀ። አን በዚህ ጊዜ የራሷን ግጥሞች በጸጥታ አምጥታ ለሻርሎት አሳየቻት። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜ ዐስቤአለሁ። የታናሽን ደብተር ያለ ፈቃድ መክፈት በደል ነው፤ ታናሽ እኅቴ ይህን ገጽ ስለምታነብ ከዚህ የበለጠ አልናገርም። ነገር ግን ሻርሎት ባትከፍተው ኖሮ የኤሚሊ ሥራ ከጠረጴዛዋ መሳቢያ ባልወጣም ነበር።

ከአክስታቸው ውርስ ወጪ አድርገው በ1846 ዓ.ም. የሦስቱን ግጥሞች በአንድ መጽሐፍ አሳተሙ። ሴቶች መሆናቸው እንዳይታወቅ ከረር፣ ኤሊስና አክተን ቤል የሚሉ የብዕር ስሞች አወጡ፤ የፊደሎቹ መጀመሪያ የስማቸው መጀመሪያ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የተሸጠው ሁለት ብቻ ነበር። እነርሱ ግን አልተዉም። ማታ አባታቸው ከተኙ በኋላ በመብል ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ እየተመላለሱ፣ በቀን የጻፉትን አንዷ ለሌላዪቱ እያነበበች፣ ልብ ወለዶቻቸውን ጨረሱ። ሻርሎት የመጀመሪያ መጽሐፏ ቢመለስባትም፣ በነሐሴ 1846 አባቷን የዓይን ሞራ ለማስወገድ ማንቸስተር ወስዳ ስታስታምም ጄን ኤየርን ጀመረች። መጽሐፉ በጥቅምት 1847 ዓ.ም. ወጣ፤ ወዲያውም ስሙ ተጠራ። በታኅሣሥ የኤሚሊ ዋዘሪንግ ሃይትስና የአን አግነስ ግሬይ ተከተሉ። ብራንዌል ግን፣ ሻርሎት እንደ ጻፈችው፣ እኅቶቹ መጽሐፍ ማሳተማቸውን ሳያውቅ ሞተ። የውድቀቱን ኀዘን እንዳያባብሱበት ብለው ደበቁት። በአንድ ሣጥን ወታደር አብሯቸው የጀመረው ልጅ፣ ጨዋታው እዚህ መድረሱን ሳይሰማ ቀረ።

እርሱ በመስከረም 24 ቀን 1848 ዓ.ም. በ31 ዓመቱ ሞተ። በመጨረሻ ጊዜው አባቱ ሌሊት ራሱን እንዳይጎዳ በገዛ ክፍላቸው ያስተኙት ነበር። ሻርሎት በመጠጡ ተጸይፋው ለብዙ ጊዜ አላነጋገረችውም ነበር፤ ከሞተ በኋላ ግን ራሷ ታማ ወደቀች። ኤሚሊ በቀብሩ ቀን በያዛት ጉንፋን ተነሥቶ ሳንባዋ ታመመ። ሐኪም አላይም ብላ፣ ልብሷን ራሷ እየለበሰች ቆይታ፣ በታኅሣሥ 19 ቀን በ30 ዓመቷ ሞተች። ውሻዋም ሬሳዋን ተከትሎ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄደ። አን ደግሞ የባሕር አየር ይሻላት እንደ ሆነ ብላ ስካርብሮ ወደምትባለው ወደብ ብትሄድ እዚያው በግንቦት 28 ቀን 1849 ዓ.ም. በ29 ዓመቷ ዐረፈች። በስምንት ወር ሦስት። ሻርሎት አንን እዚያው ቀበረቻት፤ አባቷ እንደገና በልጅ መቃብር አጠገብ እንዳይቆሙ ብላ ነበር።

ወደ ቤት ከተመለሰች በኋላ ማታ ማታ በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ብቻዋን ትመላለስ ነበር። የእግሯን ድምፅ ከወጥ ቤት ትሰማ የነበረችው ሠራተኛ ልቧ ይቈርጥባት እንደ ነበር ተናግራለች። ሻርሎት መጻፍ አልተወችም። በ1849 ሸርሊን፣ በ1853 ቪሌትን አሳተመች፤ ሸርሊ የምትባለውን ልጅ ኤሚሊ በጤናና በሀብት ብትኖር ኖሮ እንደምትሆነው አድርጋ ሣለቻት። ስለ አን ግን ያደረገችው ያሳዝነኛል። አን ስለ አንድ ሰካራም ባልና ስለ ሸሸችው ሚስቱ የጻፈችውን ሁለተኛ መጽሐፍ አርእስቱ አይገባትም ነበር በማለት በ1850 ዓ.ም. እንደገና እንዳይታተም አደረገች። አን የብራንዌልን ውድቀት በዓይኗ አይታ ነው የጻፈችው፤ ሻርሎት ደግሞ ያንኑ ውድቀት ሰው እንዳያየው ፈለገች። እስከ መጨረሻው ድረስ አን በእርሷ ዘንድ ሕፃን ሆና ቀረች። የታላቅ ፍቅር አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ታናሹ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሲል እንኳ አፉን ይጠርግለታል።

የአባቷ ረዳት የነበረው ቄስ አርተር ቤል ኒኮልስ ሊያገባት ቢጠይቅ አባቷ በቍጣ ከለከሉ፤ ቈይተው ግን ፈቀዱ። በሰኔ 1854 ዓ.ም. ተጋቡ። ዓመት ሳይሞላቸው፣ በመጋቢት 31 ቀን 1855 ዓ.ም.፣ ነፍሰ ጡር ሳለች ሞተች። ዕድሜዋ 38 ነበር፤ እናቷ የሞቱበት ዕድሜ። ቄስ ፓትሪክ ስድስቱንም ልጆቻቸውን ቀብረው እስከ 1861 ዓ.ም. በ84 ዓመታቸው ኖሩ፤ እስከዚያው ድረስ አማቻቸው አልተለያቸውም።

ኒኮልስ ከዚያ በኋላ ወደ አየርላንድ ሲመለስ ጥቂት ዕቃ ይዞ ሄደ። በ1914 ዓ.ም. በቤቱ ከቁም ሣጥን ላይ አንድ የታጠፈ ሥዕል ተገኘ። ብራንዌል ወደ ዐሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ሳለ የሣለው ነው፤ አሁን በለንደን በብሔራዊው የሥዕል ቤት ይታያል፤ የታጠፈበት ስፍራም ዛሬ ድረስ በመስመር ይለያል። በሥዕሉ ላይ አን፣ ኤሚሊና ሻርሎት አሉ። በኤሚሊና በሻርሎት መካከል አንድ ዓምድ ቆሟል። ብራንዌል በመጀመሪያ ራሱን በዚያ ስፍራ ሥሎ ነበር፤ በኋላ ግን በቀለም ሸፈነው። ዘመኑ ሲረዝም የላይኛው ቀለም እየሳሳ ስለ ሄደ፣ ዓምዱን ትኵር ብሎ ለሚመለከት የአንድ ወጣት ፊትና ትከሻ ከእኅቶቹ መካከል ይታየዋል።